ሞገድ ያወጣው የጠጠር መንገድ

በአረጋውያን መጦሪያው ግቢ የሰውዬውን እውነተኛ ስም የምታውቀው ሲስተር ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን አትጠራበትም። ሁሉም "ውሃ ልክ" ነው የሚሉት። ግንበኞች ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚለኩባትን፣ በሆዷ አረፋ የያዘችውን መሣሪያ ማለታቸው ነው። ይህን ስም ያተረፈለት ከውጭ በር ተነስቶ እስከ ዋናው ሕንፃ ሽቅብ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ጠጠሩን ጠራርጎ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ውሃ ልክ ደግሞ በትንሿ የአትክልት ትራክተር እየገፋ ወደ ላይ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲገፋፉ ኖረው የእሱ ፀጉር ሸበተ። ጎርፉ እንደሆነ እንደ ጎረምሳ ነው።

ትራክተሯ ሣር ለማጨድ የተገዛች፣ ለስሟ ካልሆነ በቀር ትራክተር ለመባል የማትበቃ ደቃቃ ነገር ናት። ከፊቷ ግን ብሌድ ተገጥሞላታል። ብሌድ የሚሉት አፈርና ጠጠር የሚገፋ፣ ሰፊና ጎበጥ ያለ ብረት ነው። ከሥሩ መሬቱን የሚልግ ስለት በብሎን ታስሮበታል። ከጀርባው ሁለት ሞላዎች ወጥረው ይዘውታል፤ ድንገት የተቀበረ ድንጋይ ቢመታ ብሌዱ ጎንበስ ብሎ እንዲያልፈውና ነጂው ከነወንበሩ እንዳይነጥር ነው። የሚነሳና የሚወርደው በነጂው ቀኝ በኩል በቆመ ረጅም የብረት ዘንግ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ውሃ ልክ ግን ስለዚች ብረት ማውራት ከጀመረ ሰሚው ወንበር ይፈልጋል።

ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ጭቃው ሳይደርቅ ብሌዱን ከፊትም ከኋላም ያጥባል። ቀጥሎ ብሌዱ የሚታጠፍባቸውን ፒኖች ግራሶ ያጠጣቸዋል፤ የቆሸሸው አሮጌ ግራሶ ተገፍቶ ወጥቶ ንጹሑ ብቅ እስኪል ድረስ አይለቃቸውም። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ይነካካቸዋል፤ የላላ ካገኘ ይቆጣዋል፣ እውነቴን ነው፣ በቃል ይቆጣዋል። ስለቱ ባንድ ጠርዙ ሲበላ ፈትቶ ይገለብጠዋል፤ ቀለም የተላጠበትን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ ይቀባዋል። ሚስቱ "ከእኔ ቀጥሎ የሚወደው እሷን ነው" ትላለች ለጎረቤት። "ቀጥሎ" የምትለዋን እሷም አታምንባት።

ፋብሪካው ለዚህ ብሌድ ሁለት የብረት ጫማ ሠርቶለት ነበር። ጫማዎቹ ከጀርባው ግራና ቀኝ ሆነው መሬት ለመሬት ይንሸራተታሉ፤ ክብደቱን ተሸክመው ስለቱ ከመጠን በላይ እንዳይቆፍር ይጠብቁታል። ዘንጉም ጥርስ አለው። በፈለጉት ከፍታ ላይ ቀጭ አድርገው ይቆልፉታል፤ ከዚያ በኋላ መሪውን ይዞ መንዳት ነው። ውሃ ልክ ግን ጫማዎቹን ገና ብሌዱ በመጣ ሰሞን ፈትቶ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው። የዘንጉንም መቆለፊያ በሽቦ ጠፍንጎ አሰረው። "በጥርስ የተቆለፈ ብሌድ ዕውር ነው" ብሎ ያምናል። መሬት አንድ ዓይነት አይደለም፤ እዚህ ጋ ይረግባል፣ እዚያ ጋ ያብጣል። ስለዚህ ግራ እጁን መሪው ላይ፣ ቀኝ እጁን ዘንጉ ላይ አድርጎ የብሌዱን ክብደት ቀኑን ሙሉ በክንዱ ተሸክሞ ይውላል። ጠጠሩ በመዳፉ በኩል ይነግረዋል፤ እሱም ጣት በማታክል ልዩነት ከፍ ዝቅ እያደረገ ያልፈዋል። ከእሱ በቀር እንዲህ ሲነዳ የታየ የለም፤ የሞከረው ሁሉ መንገዱን እንደ ድንች ማሳ ቆፍሮት ወርዷል።

እሱ ሲያልፍበት ግን መንገዱ ልብስ የተተኮሰ ይመስል ነበር። አዛውንቶቹ በከዘራ፣ በመደገፊያ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ጡረታ የወጡት መምህርት በተለይ፣ አራት እግር ያለውን መደገፊያቸውን እየገፉ እስከ በሩ ደርሰው ሲመለሱ ሁልጊዜ ከትራክተሯ አጠገብ ቆም ይላሉ። "አንተ ልጅ፣ ዛሬም አሥር ከአሥር" ይሉታል። ልጅ የሚሉት ሰውዬ የልጅ ልጅ አለው። ቢሆንም አሥር ከአሥር ሲባል ጆሮው ድረስ ይስቃል።

ነገሩ የመጣው የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ አካባቢ ነው። አንድ ጠዋት መንገዱን ጨርሶ ዞር ብሎ ቢያየው ሞገድ አውጥቷል። ትንንሽ፣ ተከታታይ፣ ከዳር እስከ ዳር፤ ቁርጥ የጣሪያ ቆርቆሮ። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አየ። ተመልሶ ገፋው፤ ሞገዱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። "ጠጠሩ ነው" አለ። "ያ የከባድ መኪና ሹፌር አሸዋ የበዛበት ጠጠር ነው የደፋብን።" ሹፌሩ በሌለበት ተወቀሰ፤ በማግስቱ ሞገዱ እንደገና መጣ።

መምህርቷ የወደቁት በዚያው ሰሞን ነው። ውሃ ልክ ትራክተሯ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም አየ። የመደገፊያውን የፊት እግር አንዱ ሞገድ ያዘው፤ መምህርቷ ወደፊት ተንገዳገዱ፤ እጃቸውን ዘረጉና ጠጠሩ ላይ ወደቁ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ሲያነሳቸው አልጮኹም። የተሰበረ የእጅ አንጓቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው "የኔ ጥፋት ነው፣ ወደ ላይ ወደ ላይ እያየሁ" አሉት። እሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ መንገዱ የእሱ ነው። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ሲስተር ቢሮዋ አስጠራችው። ሲስተር መጦሪያውን የምታስተዳድር ነርስ ናት፤ በዕድሜ ከእሱ ብታንስም በነገር ትበልጠዋለች።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ ይሻለኛል። ልብሴ ግራሶ ነው።"

"መንገዱን በተመለከተ ነው። ሌላ ሰው ከመውደቁ በፊት መስተካከል አለበት።" እጆቹን እያየች ነበር። እሱ ግራሶውን ያየች መስሎት ወደ ኋላ ደበቃቸው። "ካልሆነ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ትራክተሩን ሌላ ሰው ቢይዘው እያልኩ ነው።"

"ይስተካከላል" አለ። "የሆነ ቦታ የላላ ነገር አለ። አገኘዋለሁ።"

ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከትራክተሯ ቢወርድ ሣር ማጨድ፣ አጥር መከርከም፣ አበባ ማጠጣት ይችላል፤ ማንም አያባርረውም። እሱ ግን አበባ አጠጪ ሆኖ ራሱን አስቦት አያውቅም። ሰው ሲያየው "ውሃ ልክ" ካላለው ምን እንደሚለው እንጃ። ሌላው ይቅርና እሱ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ አላወቀም። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲመጣ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ብሌዱ ያየውን ፍዳ ለጠላትም አይስጥ። መጀመሪያ ስለቱን ፈትቶ ገለበጠው። ሞገዱ አለ። አዲስ ስለት ገጠመ። ሞገዱ አለ። የጎማዎቹን ንፋስ ለካ፤ ግራው ከቀኙ ጥቂት አንሶ ስላገኘው ደስ ብሎት እያፏጨ ሞላው። ሞገዱ አለ። ቀስ ብሎ ነዳ፤ ሞገዱ ተቀራረበ። ፈጠን ብሎ ነዳ፤ ሞገዱ ተራራቀ። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ የሚመጣ ሰይጣን ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር፤ ይህ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከፊቱ፣ እያየው ነው የሚወጣው።

በመጨረሻ አማቹን ጠራው። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ መካኒክ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የብሎን ዳዶ ስለሚንኳኳ "ዳዶ" ነው የሚሉት። ዳዶ መጥቶ ብሌዱን ዞር ዞር ብሎ አየውና ተሳለቀ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከእኔ ሚስት የበለጠ ተቀባብቷል።"

"ቀልዱን ተወውና ፒኑን እየው።"

ፒኑን አዩት። ፒኑ የሚዞርበት የብረት ቀለበት፣ ቡሹ፣ በእርግጥ ትንሽ ተበልቶ ነበር። ያን የመሰለ የምሥራች አልነበረም፤ ውሃ ልክ አማቹን ሊስመው ምንም አልቀረው። አሮጌውን ቡሽ መትተው አወጡ፤ አዲስ አስገቡ፤ ፒን ለወጡ፤ ሮንዴላ ጨመሩ። ብሌዱ ንቅንቅ የማይል ሆነ። በማግስቱ መንገዱን ገፋው። ሞገዱ ወይ ፍንክች!

ቤትም ሰላም አልነበረም። ሚስቱ ሻይ በትልቁ ኩባያ ግማሽ ብቻ እየቀዳች ታቀርብለት ጀምራለች። ሸሚዙን ሲለብስ መጥታ ቁልፉን ትቆልፍለታለች፤ ቆይቶማ ቁልፍ የሌለው ሹራብ ገዛችለት። "ይቺ ሴትዮ ስታረጅ ቆጣቢም ሞግዚትም ሆነች" ይላል በሆዱ። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አንተ ሰው፣ ሐኪም ብታይ ምን አለበት?"

"ሐኪም ብሌድ ያውቃል?"

"ስለ ብሌድ አላወራሁም።"

"እኔ የማወራው ስለ ብሌድ ነው" አለና ነገሩን ዘጋው። እሷም አልገፋችም። ከእሱ ጋር እዚህ ዕድሜ የደረሰችው የቱ ጋ መቆም እንዳለባት አውቃ ነው።

ዳዶ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው ሞላዎቹን ለማየት ነው። ሞላዎቹ ከላሉ ብሌዱ ይርገበገባል የሚለው ሐሳብ የራሱ የውሃ ልክ ነበር፤ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያገኘው የመጨረሻ ተስፋ። ትራክተሯን መጋዘኑ ደጃፍ አቆሙ። ዳዶ ጆንያ አነጠፈና በጀርባው ተኝቶ ብሌዱ ሥር ገባ። እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ።

"ጋሼ፣ ወንበሩ ላይ ውጣና ዘንጉን ያዝልኝ። ከመሬት ትንሽ ለቀቅ አድርገው።"

ውሃ ልክ ወጥቶ ተቀመጠ። ዘንጉን ሳበ፤ ብሌዱ ተነሳ።

"እንደዚያ አድርገህ ያዝልኝ።"

ዳዶ ጣቱን ፒኑና ቡሹ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ጥርስ በብርድ ሲጋጭ ዓይነት፣ ትክ ትክ ትክ፣ ሳያቋርጥ።

"ይኸው! ሰማኸው?" አለ ውሃ ልክ ከላይ፤ ደስታው ድምፁን አቀጠነው። "እሱ ነው! ከየት ነው የሚመጣው?"

"ቆይ እስቲ። ሞተሩን አጥፋውና በደንብ ልስማው።"

ውሃ ልክ ወደ ሞተሩ ቁልፍ ጎንበስ ብሎ አየ።

"ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፋው አልኩህ እኮ።"

"ጠፍቷል" አለ ውሃ ልክ።

ሞተሩ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም ነበር። ትራክተሯን እስከ መጋዘኑ ገፍተው ነው ያመጧት። ሁለቱም ያውቁታል። ግቢው ጭር ብሏል፤ ከዚያች ከብረቷ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ውሃ ልክ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ ቀኝ እጁ መለሰ። እጁ ዘንጉ ላይ ነው፤ ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፤ በዘንጉ በኩል ያ ሁሉ ብረት ይንቀጠቀጣል። ጨበጠው፤ ባሰበት። በግራ እጁ ደገፈው፤ እሱም ያው ነው። ብሌዱን መሬት ላይ አሳረፈው። ድምፁ ቆመ።

ዳዶ ከብሌዱ ሥር ቶሎ አልወጣም። የሚሠራው ነገር ኖሮት አይደለም። ወጥቶ ከቆመ በኋላም የውሃ ልክን ፊት ማየት አልሆነለትም፤ ኪሱ ውስጥ ያሉትን ዳዶዎች ያንቃጭላል።

"ፒኑ ነው በለኝ" አለ ውሃ ልክ።

"ጋሼ..."

"ፒኑ ነው በለኝ አልኩህ!"

"ፒኑ ነው" አለ ዳዶ።

ያን ያህል ትልቅ ሰውዬ እንዲህ ሲለምን አይቶ አያውቅም። ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋበት የግራሶ ማጠጫውን አነሳና ሙሉ የነበሩትን ፒኖች እንደገና ግራሶ ያጠጣ ጀመር። ግራሶው ሞልቶ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ማንም በቃ አላለውም።

ውሃ ልክ ያን ቀን በጊዜ ቤቱ ገባ። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና ሚስቱን ጠራት። እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ነበር የሚያያቸው።

"ታውቂ ነበር?"

"ሻዩን ሞልቼ ስሰጥህ ይፈስብሃል" አለች። "ምን ላድርግ?" አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ከሥሩ ተንቀጠቀጠ።

ሐኪሙ ጣቶቹን አስቆጠረው፤ አስረመደው፤ መስመር አስሰመረው። መድኃኒት አዘዘለትና ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረው፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል፣ አያድነውም። ውሃ ልክ ሲበላ የሚገለበጥ፣ ሲላላ የሚጠብቅ፣ ሲያልቅ የሚለወጥ ነገር እየጠበቀ ነበር። "ሌላስ?" አለ። ሐኪሙ ሌላ አልነበረውም።

በማግስቱ ሲስተር ጋ ሄደ። ሳትጠራው ነው የሄደው፤ ይህች ኩራት ብቻ ቀርታዋለች። ገና በሩን ሲከፍት ገባት፤ ነርስ ናት፣ ቀድሞውንም ያየችው ግራሶውን አልነበረም።

"ቁልፉን ላስረክብ ነው" አላት።

የትራክተሯ ቁልፍ ከቤቱና ከመጋዘኑ ቁልፎች ጋር ባንድ ቀለበት ታስሯል። ሊያወጣው ሞከረ። ጥፍሩን ቀለበቱ መሃል ማስገባት አቃተው፤ ቁልፎቹ እጁ ላይ ይንሿሿሉ። እንደገና ሞከረ። ሲስተር ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ ጠበቀችው፤ ጠበቀችው፤ በመጨረሻ ግን አንጀቷ አልችል አለና እጇን ዘረጋች። ቀለበቱን ከነቁልፎቹ ሰጣት። የራሱን የቤት ቁልፍ ነጥላ የመለሰችለት እሷ ናት።

ዳዶ ሽቦውን በጠሰ፤ ጫማዎቹን ከጆንያው አውጥቶ ገጠማቸው፤ ዘንጉን ጥርሱ ላይ ቀጭ አድርጎ ቆለፈው። ትራክተሯን የያዘው የበሩ ዘበኛ ነው። ከብስክሌት ሌላ ነገር ነድቶ የማያውቅ፣ ባለ ትልቅ ሳቅ ሰውዬ። ጫማ ለካ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ዘበኛው ገና በመጀመሪያው ቀን ባንድ እጁ እየነዳ፣ በሌላው ለሚያልፍ ሰው ሰላምታ እየሰጠ፣ መንገዱን ለጥ አድርጎ ወጣ። ውሃ ልክ የውሃ ጎማውን ይዞ ከአበባው መሃል ያየዋል። ሲጨርስ ሄዶ መንገዱ ላይ ቁጢጥ አለና ዓይኑን ወደ መሬት አውርዶ ከታች ወደ ላይ አየው። ሞገድ ፈለገ። እግዜር ይይለት፣ አንዲት እንከን እንዲያገኝ ከልቡ ተመኘ። አላገኘም። ተነስቶ ወደ አበባው ተመለሰ፤ የውሃው ጫፍ ከአበባው እየሳተ እግሩን ያርሰው ነበር።

መምህርቷ የእጅ አንጓቸው በጀሶ እንደታሰረ የወጡት በዚያው ሳምንት ነው። በአንድ እጅ መደገፊያ መግፋት ስለማይሆን ደረጃው ላይ ቆመው ሰው ይፈልጋሉ።

"አንተ ልጅ! ና እስቲ ክንድህን ስጠኝ። መንገዱ ተስተካክሏል አሉኝ፤ እኔ ግን ከሰው ጋር ካልሆነ አላምነውም።"

የውሃውን ጎማ ጥሎ መጣ። በደህናው እጃቸው ቀኝ ክንዱን ያዙት፤ ሊሸሸው የሚችለው መንገድ አልነበረም። ደረጃውን ወረዱ። ጠጠሩ ላይ ጥቂት ተራምደው መምህርቷ ቆሙ።

"ትንቀጠቀጣለህ" አሉት።

ዓይኑን ወደ ጠጠሩ አወረደ።

ቀና ብለው በመነጽራቸው ሥር አዩት፤ ፊታቸው በሐዘን ለሰለሰ። "ስወድቅ ስላየኸኝ ነው፣ አይደል? ያን ቀን ደም የሚባል ፊትህ ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፈርተህልኛል።"

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ቢነግራቸውስ ምን ሊያደርጉለት ይችላሉ?

"አዎ እትዬ" አለ። "ፈርቼ ነው።"

"በል እንግዲህ አትፍራ። መንገዱ አሥር ከአሥር ነው። ይኸው ይዤሃለሁ፣ አልወድቅም።"

ክንዱን ወደ ጎናቸው ሳብ አድርገው ጠበቅ አድርገው ያዙት፤ መንቀጥቀጡን ሊያስቆሙለት። በዝግታ ወደ በሩ መውረድ ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ "አሁንስ ተሻለህ?" ብለው ጠየቁት፤ እሱም "ተሻለኝ" አላቸው፤ እጁ ግን አልቆመም።